የአዳማ ሙቀት ጊታሬን ሰነጠቀው፣ ምን ይሻላል?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ከጥቅምት ወዲህ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ አይነት ሆነዋል፣ ጊታሩ ተሰነጠቀ፣ ክራሩ ቅኝት አልይዝ አለ፣ የበገናው ቆዳ ሄደ። እዚህ አዳማ የስራ ቤቴ ውስጥ በየቀኑ እየጠገንኩ የማየውም ይሄንኑ ነው፣ በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ አብዛኛው ሳይበላሽ መዳን ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ በሙሉ ለክር መሣሪያ ሰጥቼዋለሁ።

«ሰላም ወንድሜ፣ የምጽፍልህ ከአዳማ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ልጄ መዘምራን ውስጥ ስለሚያገለግል አምና ግንቦት ላይ ተበድሬም ቢሆን ደህና የሚባለውን ጊታር ገዛሁለት። ክረምቱን ሙሉ ምንም አልሆነም። ከህዳር ጀምሮ ግን ከአንገቱ ጎን እጁን የሚቧጭረው ነገር ብቅ ብቅ አለ፣ ክሩም ዝዝዝ እያለ ድምፁን ያበላሽበታል፣ ትናንት ደግሞ ፊቱ ላይ ከብሪጁ (ክሮቹ ከታች ከሚታሰሩበት እንጨት) በታች ፀጉር የሚያህል መስመር አየን። ልጁ አልጣልኩትም ብሎ ይምላል፣ እኔ ግን አላመንኩትም ተቆጣሁት። ቤታችን ቆርቆሮ ነው ኮርኒስ የለውም፣ ጊታሩን የምንሰቅለው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ ነው።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂው፣ እውነቱን ነው። የወደቀ ጊታር የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ላይ ወይ አንገቱ ላይ ነው፣ የተመታበት ቦታም ምልክት ይኖረዋል። ከብሪጁ ወደ ታች የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ስንጥቅ ግን የድርቀት ስራ ነው፣ የጻፍሽልኝ ሶስቱም ነገሮች የአንድ በሽታ ምልክቶች ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት ተቆርጦ መቶ አመት ቢሞላው እንኳን ከአየሩ እርጥበት መጠጣቱን አያቆምም፣ አየሩ ሲደርቅ ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይሰጣል። ሲጠጣ ያብጣል ሲሰጥ ይኮማተራል፣ የሚኮማተረው ግን በወርዱ ነው፣ በቁመቱ ብዙም ለውጥ የለውም። የጊታር ፊት ሶስት ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ስስ ጣውላ ነው፣ ከውስጥ በአግድም የተለጠፉ እንጨቶች ይዘውታል፣ ዙሪያውን ደግሞ በኮላ ተጣብቋል። ስለዚህ አየሩ ደርቆ ፊቱ ልጥበብ ሲል የያዙት አይለቁትም፣ እሱም መሄጃ ሲያጣ በመስመሩ በኩል ይከፈታል። እጁን የሚቧጭረው የፍሬቱ፣ ማለትም አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው ቀጭን ብረት፣ ጫፍ ነው፣ የአንገቱ እንጨት ሲጠብ ብረቱ አብሮት ስለማይጠብ ባለበት ቀርቶ ወደ ውጭ ይወጣል። ዝዝዝ የሚለው ደግሞ የደረቀው ፊት ወደ ውስጥ ስለሰጠመና ክሩ ወደ ፍሬቱ ስለቀረበ ነው።

ታዲያ ለምን ክረምቱን አልፎ በህዳር? ክረምት አየሩ እርጥብ ነው፣ እንጨቱ ጠግቦ ነው የሚከርመው። ዝናቡ ሲቆም ንፋሱ ይመጣል፣ የአዳማን ንፋስ ደግሞ ለአንቺ አልነግርሽም፣ ኮረብታው ላይ መብራት ማመንጫ ተርባይን ያስተከለ ንፋስ ነው። በዚያ ላይ ቆርቆሮው አለ። አየር ሲሞቅ ውሃ የመያዝ አቅሙ ይጨምራል፣ ስለዚህ ውሃ ካላገኘ ካገኘው ነገር ላይ ይመጥጣል፣ ከእንጨትም ቢሆን። ንጋት ላይ በ16 ዲግሪ 60 ፐርሰንት እርጥበት የነበረው የቤት አየር ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት ከሰዓት ወደ 28 ዲግሪ ቢሞቅ እርጥበቱ 30 ፐርሰንት አካባቢ ይወርዳል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይመለሳል። ጊታር ሰሪዎች ከ45 እስከ 55 ፐርሰንት ባለው መሃል እንዲቀመጥ ነው የሚፈልጉት። የልጅሽ ጊታር በየቀኑ ከዚያ ወጥቶ ይገባል ማለት ነው፣ ያውም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ሙቀቱ በሚበረታበት ከፍታ ላይ። እንጨቱን የሚጎዳው ደረቅ መሆኑ ብቻ አይደለም፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ቶሎ ቶሎ መመላለሱ ነው፣ ይሄን ነገር ያዢልኝ ከታች ለሌሎቹም እመለስበታለሁ።

አሁን የምታደርጉት ይሄ ነው። ዛሬውኑ ከግድግዳው አውርዱትና ክሮቹን በአንድ ቶን (በሁለት ፍሬት የድምፅ ልዩነት) ያህል አላሉት፣ ሙሉ በሙሉ አትፍቱት። ኬዝ ከሌላችሁ ከምንም ነገር በፊት ኬዝ ፈልጉ፣ ሃርድ ኬዝ ቢሆን ደስ ይለኛል ካልተቻለ ወፈር ያለ ስፖንጅ ያለው ቦርሳም ይሆናል፣ እሱንም አልጋ ስር ወይ ቁምሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ በኩል አስቀምጡት። ከዚያ ክዳን ያለው የሳሙና ማስቀመጫ ወስደሽ ክዳኑን በትኩስ ሚስማር ብዙ ቦታ ብሺው፣ ውስጡ የእቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቁራጭ ውሃ አስነክረሽ ጠብ እስከማይል ጨምቀሽ አስገቢ፣ ከዚያ ኬዙ ውስጥ ጭንቅላቱ በኩል ባለው ክፍት ቦታ እንጨቱን ሳይነካ ይቀመጥ። በየሶስት አራት ቀኑ እያያችሁ ሲደርቅ ታረጥቡታላችሁ። ቶሎ ይዳን ብለሽ ስፖንጁን እያንጠባጠበ እንዳታስገቢው፣ ወይ የፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ እንዳትይዢው፣ የደረቀ እንጨት ቶሎ ከጠጣ ሌላ ቦታ ይፈነዳል። ሁለት ሳምንት ስጡት። ብዙ ጊዜ ዝዝታው ይጠፋል፣ ፍሬቱ ይገባል፣ ስንጥቁም ይዘጋል፣ ግን ተዘጋ ማለት ዳነ ማለት አይደለም።

የዚያን ጊዜ ነው ለባለሙያ የሚሰጠው። ባለሙያው ቀጭን የእንጨት ኮላ በስንጥቁ ውስጥ ያስገባና ከውስጥ በኩል በአግድም ትንንሽ ልጣፊ እንጨት ያደርግበታል፣ ከባድ ስራ አይደለም። አደራ የምልሽ ግን ቤት ውስጥ ሱፐር ግሉ እንዳታፈሱበት፣ ደርቆ እንደተከፈተ ሱፐር ግሉ ተሞልቶ የመጣ ጊታር ስንት ጊዜ እንዳለቀስኩበት እኔ ነኝ የማውቀው፣ ቨርኒሹን ይበላዋል፣ ስንጥቁን ክፍት እንደሆነ ያደርቀዋል፣ ከዚያ በኋላ የእንጨት ኮላ አይዝለትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርጥበት መለኪያ ከገዛችሁ ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ትክክል አይናገሩም፣ ስለዚህ ፈትኑት። የጠርሙስ ክዳን ላይ የምግብ ጨው ሙሉበትና ጥቂት ጠብታ ውሃ፣ ጨው እንዳይሟሟ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ብቻ። ክዳኑንና መለኪያውን አንድ ላይ አየር በማያስገባ ላስቲክ ዘግታችሁ አሳድሩት፣ ጨው በባህሪው የተዘጋውን አየር 75 ፐርሰንት ላይ ነው የሚያቆመው። መለኪያው 68 ካለ ሁልጊዜ 7 ትጨምሩበታላችሁ፣ በቃ።

«ሰላም፣ እኔ ደግሞ ሀዋሳ ሐይቁ አካባቢ ነው የምኖረው፣ የኔ ችግር ተቃራኒው ነው መሰለኝ። ግራውንድ ላይ ያለች ሰርቪስ ቤት ነው የተከራየሁት፣ ጊታሬ ክሩ ከአንገቱ በጣም ራቀና መጫን አቃተኝ፣ ቦርሳውን ስከፍተው ደግሞ ሻጋታ ሻጋታ ይላል። ጓደኛዬ አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት አጥብቀው አለኝ፣ ላጥብቀው?»

ወንድሜ ቆይ፣ ቁልፉን አስቀምጠው። አዳማና ሀዋሳ ከፍታቸው ሁለቱም 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሀዋሳ ግን ሐይቋ አላት፣ ያንተ ክፍል ደግሞ መሬት ላይ ያለ ሲሚንቶ ነው፣ ግድግዳው ራሱ እርጥበት ይስባል። ጊታርህ ጠጥቶ ፊቱ ወደ ላይ ተነፍቷል፣ ብሪጁን ይዞት ስለተነሳ ነው ክሩ የራቀው። አንገቱ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ያልታመመውን ብታክም ጊታሩ ሲደርቅ ደግሞ ወደ ኋላ ይጎብጥብሃል።

መጀመሪያ ቦርሳውን ባዶ አድርገህ ነፋሻ ጥላ ላይ ሙሉ ቀን አናፍሰው። ጊታሩን በደረቅ ጥጥ ጨርቅ ጥረገው፣ ሻጋታው ከቀረ በጣም በትንሹ ረጠብ ባለ ጨርቅና ወዲያው በደረቅ። ፀሐይ ላይ እንዳታሰጣው፣ ላይኛዋ እህታችን የተጎዳችበትን አንተ በአንድ ከሰዓት ትጨርሰዋለህ። ከግድግዳው አርቀህ ከወለሉም ከፍ አድርገህ አስቀምጠው፣ ጫማና ቦርሳ ሲገዛ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስበህ ኬዙ ውስጥ ጨምር፣ እነሱም ሲጠግቡ መስራት ያቆማሉና ቀይራቸው። ሩዝ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ የሚስበው እርጥበት ትንሽ ነው ነቀዝና አይጥ ግን በደንብ ይጠራል። ከሁለትና ሶስት ሳምንት በኋላ 12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ እስከ ወፍራሙ ክር ድረስ ለካ፣ የብረት ክር ጊታር ከሆነ 2 ሚሊሜትር ተኩል አካባቢ ጥሩ ነው፣ የናይለን ከሆነ 4 ድረስ ይፈቀዳል። አሁንም ከራቀ አንገቱ ይታይ፣ ያ ብረት ደግሞ ሲነካ ሩብ ዙር ብቻ ተዙሮ ቀን ይጠበቃል፣ በአንድ ጊዜ ሙሉ ዙር ማዞር የለም።

«የናይለን ክር ጊታር ነው ያለኝ፣ ድምፁ ስለሚያንስብኝ የብረት ክር ልቀይርበት አስቤ ነበር። (አዳማ)»

አይሆንም። የብረት ስድስቱ ክሮች አንድ ላይ ወደ 70 ኪሎ በሚጠጋ ጉልበት ነው የሚስቡት፣ የናይለን ግን 40 ኪሎ አካባቢ ነው። ያንተ ጊታር የተሰራው ለአርባው ነው፣ ብዙዎቹ አንገታቸው ውስጥ ብረትም የላቸውም። መጀመሪያ ሳምንት ድምፁ ደስ ይልሃል፣ ከዚያ አንገቱ ይታጠፋል ብሪጁ ይነሳል። ድምፅ ከፈለግክ ጠንከር ያለ የናይለን ክር አለ፣ እሱን ሞክር፣ ያሉህም ያረጁ ከሆኑ አዲስ መቀየሩ ብቻውን ልዩነቱን ታየዋለህ።

«የተከበርክ ጸሐፊ፣ እድሜዬ ገፍቷል፣ አባቴ ትተውልኝ ያለፉት በገና አለ። የማወርደው በዐቢይ ጾም ብቻ ነው፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ሳሎን ይሰቀላል። ዘንድሮ ሳየው ሁለት ክሩን አይጥ በልቶታል፣ ቆዳው ጥግ ላይ ተቀዷል፣ ምሰሶው ላይ ደግሞ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያሉ ነገሮች አሉ፣ ስር ስሩ ዱቄት አየሁ። የልጅ ልጄ ፍሊት እንንፋበት ይላል።»

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የአባትን በገና እስከዛሬ ጠብቀው ማቆየትዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ፍሊቱን ግን ይከልክሉልኝ። ቆዳውም እንጨቱም ይጠጡታል ሽታውም ቶሎ አይለቅም፣ በገና ደግሞ ታቅፈውት የሚደረደር፣ ፊትዎ አጠገብ የሚሆን ነገር ነው።

ከቀዳዳው እንጀምር። የነቀዘ እንጨት ሁሉ አሁንም እየተበላ ነው ማለት አይደለም፣ ትሉ ከወጣ ቆይቶ ቀዳዳው ብቻ የቀረም ይኖራል። ምሰሶውን በለስላሳ ብሩሽ በደንብ ጠርገው በገናውን ጥቁር ጨርቅ ወይም ወረቀት ላይ ያቁሙት፣ ሁለት ሳምንት አይንኩት። አዲስ ነጭ ዱቄት ከወደቀ ውስጡ አለ ማለት ነው፣ ያኔ በትልቅ ላስቲክ ጠቅልለው ከቤት እቃው ለይተው በገና ለሚሰራ ሰው ይውሰዱት፣ የተበላው ምሰሶ ብቻውን ተቀይሮ ገበቴው (ቆዳ የተወጠረበት የድምፅ ሳጥን) ሊተርፍ ይችላል። ዱቄት ካልወደቀ አባትዎ በነበሩበት ጊዜ ያለፈ ሊሆን ይችላል፣ ይተዉት።

አይጡ የበላው ክሩ አንጀት ስለሆነ ነው፣ ከበግ አንጀት የሚሰራ ክር ለአይጥ ምግብ ነው፣ ቆዳውም እንደዚያው። አስሩንም በናይለን ቀይሩ የሚልዎ ሰው ይመጣል፣ በአይጥ በኩል እውነቱን ነው፣ ግን ያ ክሩ እንዝራው (ከክሩ ስር የሚገባው ትንሽ የቆዳ ቁራጭ) ላይ ሲያርፍ የሚወጣው የሚነዝር ድምፅ በአንጀት ክር ነው የሚያምረው፣ እኔ የአባትዎ ቢሆን አንጀቱን ነው የምመርጠው። ይልቅ የሚሰቀልበትን ቦታ እንለውጠው። ወፍራም የጥጥ ከረጢት ያሰፉለት፣ አፉ በደንብ የሚታሰር፣ ከዚያ አይጥ ሊወጣበት ከሚችል መደርደሪያም ሶፋም ራቅ አድርገው ይስቀሉት፣ ሳሎን ውስጥ ምግብ የሚቀርብበት ጥግ አይሁን።

ቆዳው የተቀደደበት ምክንያት ደግሞ አቀማመጡ ይመስለኛል። ጾሙ አልቆ ሲሰቅሉት እንደተቃኘ ነው የሚሰቅሉት አይደል? ክሩ ተወጥሮ በርኩማው (ቆዳው ላይ ቆሞ ክሮቹን የሚሸከመው እንጨት) ቆዳውን ዓመቱን ሙሉ እየተጫነው፣ ክረምት ላይ ቆዳው ረጥቦ ሲላላ ወደ ታች ይሰምጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ሲወጠር ደግሞ መመለሻ የለውም፣ በደካማው ጥግ ይቀደዳል። ከፋሲካ በኋላ ክሮቹን በርኩማው ሳይወድቅ ቆሞ እስኪቀር ድረስ ብቻ ያላሉዋቸው። ለተቀደደው ቆዳ ስፌትም ፕላስተርም አይረዳም፣ አዲስ ቆዳ ረጥቦ ይወጠርበታል፣ ጥላ ላይ ቀናት ወስዶ መድረቅ አለበት። ለጾሙ ይድረስልኝ ብሎ ፀሐይ ላይ የሚያደርቅ ሰው ካጋጠመዎ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

«ክራር እየተማርኩ ነው፣ መቃኛው ይንሸራተትብኛል፣ ትዝታ ቃኝቼ አንድ ሙዚቃ ሳልጨርስ ይወርዳል። ደግሞ እንጨቱ እንዲያበራ ዘይት ብቀባው ችግር አለው?»

እህቴ፣ መቃኛሽ በጋ ላይ ስለተኮማተረ ቀዳዳው ውስጥ ላላ ብሎ ነው። አውጪውና ጫፉን በደረቅ ሳሙና በትንሹ አሺው፣ ከዚያ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ ቀቢው፣ ሳሙናው ሲዞር እንዳይንቋቋ ነው ጠመኔው እንዲይዝ ነው፣ የቫዮሊን ሰዎችም ከጥንት ጀምሮ የሚያደርጉት ነው። ስትቃኚ ደግሞ እያዞርሽ ወደ ውስጥ ገፋ አድርጊው። ኮላ አይነካውም፣ ወረቀት ጠቅልሎ መወተፍም ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ዘይቱን ተዪው። የምግብ ዘይት አይደርቅም፣ ይቆይና ይበላሻል ይሸታል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቆዳው ላይ ከደረሰ ያላላዋል። ቫዝሊንም እንደዚያው። የቤት እቃ ማብሪያ ስፕሬይ ደግሞ ብዙዎቹ ሲሊኮን አላቸው፣ አንዴ እንጨት ውስጥ ከገባ በኋላ ቨርኒሽ ስትቀቢው አይዝም፣ ኮላም ያስቸግራል። የተጫወትሽበት እጅ ላብ አለው፣ ላቡ ክሩንም እንጨቱንም ይበላል፣ ስለዚህ ከመጫወትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ፣ ስትጨርሺ ያረጀ የጥጥ ቲሸርት ቁራጭ ይዘሽ ክሩን ከላይም ከታችም ጥረጊው፣ ከማንኛውም ቅባት በላይ ይጠቅመዋል።

«ከአዲስ አበባ አዳማ በፈጣን መንገዱ እየተመላለስኩ አገለግላለሁ፣ ጊታሬን መኪናው የኋላ ኮፈን ውስጥ ባስቀምጠው ይጎዳል?»

መንገዱ አይጎዳውም፣ የሚጎዳው የቆመ መኪና ነው። እኔ ራሴ በዚህ ነው የተማርኩት፣ ከዛሬ ብዙ አመት በፊት መምህሬ ያወረሰኝን ጊታር መኪና ውስጥ ትቼ ሶደሬ ዋልኩ፣ ስመለስ ብሪጁ ከፊቱ ላይ ተነስቶ ክሮቹ ይዘውት ተንጠልጥሎ አገኘሁት። የእንጨት ኮላ 60 ዲግሪን አልፎ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ እዚያ ለመድረስ ረጅም ሰዓት አይፈልግም፣ ክሩ ደግሞ ያንን ሁሉ ኪሎ መሳቡን አያቆምም። መምህሬ በህይወት አልነበረም፣ ብሪጁን መልሼ ለጥፌዋለሁ፣ ድምፁ ግን እሱ የሚያውቀው አልሆነም። እና ወንድሜ፣ ለምሳም ቢሆን ለአስር ደቂቃም ቢሆን ስትወርድ ይዘኸው ውረድ። አዳማ ስትደርስ ደግሞ ኬዙን ወዲያው አትክፈተው፣ ከአዲስ አበባ ብርድ ተነስተህ ወደ ሙቀት ስለገባህ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝግ እንደሆነ ጥላ ላይ ይቀመጥ፣ ከዚያ ከፍተህ ቃኘው።